ለጡት ልጅ የተቆረሰ ክኒን

ጋይንት፣ ቤተ ልሔም
ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለመዓዛ፤

ሰላምታን አስቀድሞ ጉዳይን ማስከተል ሥርዓት ነበር፤ ዛሬ ግን ጥያቄው ቀድሞኝ ወጣ። ዕጢው ተቆርጦ ከወጣ፣ ቁስሉም ከደረቀ፣ አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለምን አስፈለገ? ሐኪሙን ልጠይቀው ብል ወረፋው ገፋኝ፤ ደግሞም አፈርሁ። ሽበት ያወጣ መሪጌታ ስለ ሚስቱ ደረት በሰው ፊት ምን ብሎ ይጠይቃል? አንቺ ግን የእኅቴ የልጅ ልጅ ነሽ፤ ተመርቀሽም በዚሁ ሥራ ገብተሻል አሉኝ። ስለዚህ ሳላፍር ጠየቅሁሽ።

አሁን ሰላምታው ይድረስሽ። የደብራችን ጥላ አይራቅሽ፤ እንጀራሽ የላብሽ፣ ደጅሽ የሰላም ይሁን።

አመተ ማርያም ደህና ናት። በሐምሌ የግራው ጡቷ ከተወሰደ ወዲህ ክንዷን ሽቅብ ለማንሣት ትቸገራለች እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደብዳቤ ነው ቅኔ የምትቆጥረው? ክኒን ላኪልን በላትና ጨርስ» ትለኛለች።

የምታስታምማት አበራሽ ናት። ልጅ ሳለሽ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ መጣሽ የምታስታውሻት አይመስለኝም። እናቷ ስትሞት በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ከስማዳ ያመጣናት ናት። እግዚአብሔር ለእኛ ልጅ አልሰጠንም ነበርና አመተ ማርያም በሽማግሌ ፊት ጡቷን ማር ቀብታ አጠባቻት፤ የጡት ልጅ አደረገቻት። በእኛ አገር ይህ ከወለዱት አያንስም። አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሐረገ ወይን የምትባል ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ከደጃችን ነው።

ስልኩ ከነሐሴ ጀምሮ ድዳ ስለ ሆነ በወረቀት ነው የምንገናኘው። እሱባለው የሚባለው የንፋስ መውጫ ሚኒባስ ነጂ አንዳንዴ እስከ አዲስ አበባ ይዘልቃል፤ እርሱ ያደርስልሻል። የንፋስ መውጫው መድኃኒት ቤት «አልቋል፤ መቼ እንደሚመጣ እንጃ» ብሎናል። በእጃችን ያለው የሦስት ሳምንት ነው። የክኒኑን ስም ከካርቶኑ ቀድጄ እዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ገብሱ ዘንድሮ ያምራል፤ ውርጭ ካልመታው።

የአያትሽ ወንድም፣ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ


አዲስ አበባ
ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፤

ጉልበትዎን ስሜያለሁ፤ በረከትዎ አይለየኝ። እትዬ አመቴንም ከነቁጣቸው አቅፌያቸዋለሁ።

የኔታ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ከተመረቅኩ ዓመት ከአራት ወሬ ነው፤ በላብራቶሪው ቀኑን ሙሉ የምሠራው የዚህን ጥያቄ መልስ ነው፤ ጠያቂ ግን አግኝቼ አላውቅም። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው አይደለም፤ በሰም ውስጥ የተቀበረ የሥጋ ቁራጭ ነው። ከፀጉር አሳስቼ እቆርጠዋለሁ፣ መስተዋት ላይ አነጥፈዋለሁ፣ ቀለም አጠጣዋለሁ። ከዚያ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። እኔም ሳላይ አላሳልፍም፤ ዓይኔ ሥራ ይፈልጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሴት ደም ውስጥ ኤስትሮጅን የሚባል ነገር ይዞራል፤ ኮረዳን ኮረዳ የሚያደርጋት፣ ጡቷን የሚያሳድገው እርሱ ነው። በጡት ሴሎች ውስጥ ደግሞ እርሱን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አለ፤ ተቀባይ እንለዋለን። ኤስትሮጅን መጥቶ ሲይዘው ተቀባዩ ሴሉን «ተባዛ» ይለዋል። ጤነኛው ሴል በልክ ይታዘዛል። አንዳንዱ ካንሰር ግን ተቀባዩን አብዝቶ አብዝቶ ይይዝና ያችኑ ጥቂት ኤስትሮጅን ለመፋፋት ይጠቀምባታል። እርስዎ ቅኔ ሲያቀርቡ ተቀባዩ ከፍ አድርጎ ካላስተጋባው በስተኋላ ያለው ሰው ይሰማል? አይሰማም። ያ ስሙን የላኩልኝ ታሞክሲፈን የሚባለው ክኒን ሄዶ ተቀባዩን ይይዘዋል። ኤስትሮጅን ሲመጣ ቦታው ተይዟል፤ ትእዛዙ አይተላለፍም።

ዕጢውማ ወጥቷል። ግን ለዓይን የማይታይ ፍርፋሪ በደም ሄዶ የሆነ ቦታ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ የምናስርበው እርሱን ነው። ክኒኑ ሲቋረጥ ቦታው ይለቀቃል፤ ለዚህ ነው አምስት ዓመት።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርዎ። የእትዬ አመቴ ቁራጭ የተመረመረው እኛው ጋ ነው! መዝገብ ስገለብጥ ስማቸውን አገኘሁና መስተዋቱን አወጣሁት። ተቀባይ ያለበት ሴል በእኛ ቀለም ቡናማ ይሆናል፤ የሌለበት ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። የእርሳቸው ከመቶው ዘጠናው ቡናማ ነው። መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር አገኘ ማለት ነው፤ በጣም ጥሩ ነው።

መቶ ሰማንያ ክኒን ልኬያለሁ፤ የስድስት ወር። በቀን አንድ፣ ሳይዘለል። እስከ ግንቦት ያደርሳል፤ የሚቀጥለውን በሚያዝያ እልካለሁ። ሌላ ጥያቄ ካለዎት ይጻፉልኝ፤ እባክዎ ይኑርዎት!

ልጅዎ መዓዛ


ጋይንት፣ ቤተ ልሔም
ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመዓዛ፤ የጥምቀቱ በረከት ካለሽበት ድረስ ይረጭብሽ።

መድኃኒቱ ኅዳር አጋማሽ ላይ ደረሰን። የተቀባዩን ነገር ለአመተ ማርያም ሁለት ጊዜ አነበብሁላት። «እንግዲህ እኔ ውስጥ ማኅሌት ቆሟል በላ!» ብላ ሣቀች። ክኒኑ ሙቀት ሽቅብ እየሰደደባት በውርጭ ነጠላዋን ትጥላለች፤ ሌላው ደህና ነው። አበራሽ ትንሽ ከስታለች፤ ሥራው ሁሉ እርሷ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ሊያልቅ ነው። አርባ ያህል ቀርቷል። በቶሎ ላኪልን፤ ስትልኪም አብዝተሽ ላኪ። እንዴት አለቀ አትበይኝ፤ በቤተ ክርስቲያን ያረጀ ሰው እንዲዋሽ አታስገድጂው።

ደግሞ፣ ለማወቅ ያህል ነው፤ ክኒኑ በቢላ ለሁለት ቢከፈል ኃይሉ ይጎድላል?

ገብሱን ውርጭ መታው። ስንዴው ተርፏል።

ወልደ ጊዮርጊስ


አዲስ አበባ
የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፤ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ሃያ ሦስት ሰባ ቀን አይሞላም። ከመቶ ሰማንያ ሰባ ሲቀነስ መቶ ዐሥር ይቀራል። እርስዎ አርባ ይላሉ። ሰባው የት ገባ?

የኔታ፣ ይህ መድኃኒት አዲስ አበባም በመከራ ነው የሚገኘው። ስድስት መድኃኒት ቤት ዞሬ ነው የሰበሰብኩት። ሰው እጅ ገብቶ ከሆነ፣ ገበያ ወጥቶም ከሆነ፣ ይንገሩኝ፤ አልቆጣም። እስከዚያ ሠላሳ ልኬያለሁ፤ የአንድ ወር ነው። ሌላውን የምልከው ይህ ለእትዬ አመቴ በየቀኑ መድረሱን ሲጽፉልኝ ነው።

ክኒኑ አይከፈል። ግማሹ ግማሽ ነው።

ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ እርሳቸውን እንዳላጣቸው ፈርቼ ነው።

መዓዛ


ጋይንት፣ ቤተ ልሔም
ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመዓዛ፤ ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ቂም ከእኔ ይውጣ።

ደብዳቤሽ መጋቢት አምስት ደረሰኝ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ እሱባለውም መኪናውን ደብረ ታቦር አቁሞ በእግሩ ገባ፤ የተከፈተው ገና በዚህ ሳምንት ነው። ግን እውነቱን ልጻፍ። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ዐሥር ቀን ነበረኝ፤ አልጻፍሁልሽም። «ገበያ ወጥቶም ከሆነ» ያልሽው አንገበገበኝ። አርባ ዓመት ደቀ መዝሙር ያወጣሁ ሰው የሚስቱን መድኃኒት ይሸጣል? ብዕሬን አንሥቼ መልሼ ጣልሁ። ያ ኩራት ያስከፈለውን ቀጥለሽ ታነቢያለሽ።

አበራሽም ጡቷ ላይ ዕብጠት አላት።

እኛ ያወቅነው ክኒንሽ በመጣ በማግስቱ ነው። እርሷ ካወቀች ግን ያን ጊዜ መንፈቅ አልፏት ነበር፤ የራሷን በነጠላ አሥራ ነው አመተ ማርያምን ያስታመመቻት። ያን ጧት አመተ ማርያም ክኒኗን ስትውጥ አበራሽ ዓይኗን ከእጇ ላይ መንቀል አቃታት።

«ምነው?» አለቻት።

«ምንም፤ እማዬ።»

«ምንምስ እንዲህ አያይም። ነይ ወዲህ» ብላ እጇን ብትሰድ አገኘችው። የዶሮ እንቁላል ያህላል።

እኔ ስገባ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ሐኪም ቤት እንሂድ አልሁ። አበራሽ፣ «እማዬ ገና አልቆመች፤ እኔም ከተኛሁ ማን ውኃ ይቀዳል? እህሉ ይግባና» አለች። አመተ ማርያም ምን አለች መሰለሽ? «ይህ ከእኔ የገባባት ነው። ማር ቀብቼ ያጠባኋት በዚሁ በግራው ነው። በሽታዬን በማር አጠባኋት። የእኔ በሽታ ከሆነ መድኃኒቱም የእኔው ነው። የጡት ልጄ እያየችኝ ብቻዬን አልውጥም።»

መከልከል የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን ልክ መሰለኝ። ተካፍሎ መብላትን ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዴት «ብቻሽን ዋጪ» ይላታል? ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ አንድ ዋጡ፤ ስምሽን እየጠሩ ይመርቁሽ ነበር። ሠላሳው ሲመጣ በመቃ መቅረጫ ቢላዬ ለሁለት ለሁለት የከፈልሁት እኔ ነኝ፤ አይከፈል ያልሽውን እያነበብሁ። እርሱም በሚያዝያ መጀመሪያ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ባዷቸውን ናቸው።

የአበራሽ አሁን ፈንድቷል። ሽታው ለእኛ እንዳይደርስ ጤና አዳም በጉያዋ ይዛ ከበር አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ለሁለቱም የሚበቃ ላኪልን። ሁሉን ጻፍሁልሽ፤ የቀረ የለም።

ወልደ ጊዮርጊስ


አዲስ አበባ
ሰኔ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ፤

ከእግርዎ ላይ ወድቄያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ክኒን ቆጠርኩ እንጂ ሰው አልቆጠርኩም። «ምን ሆናችሁ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ አንድ መስመር ይበቃ ነበር። እኔ ግን የሒሳብ ጎበዝ ሆንኩና ሠላሳ ላክሁ።

ለቅሶው ይቆይ፤ አሁን ሥራ አለ። ለእትዬ አመቴ መቶ ሰማንያ ልኬያለሁ። ለእርሳቸው ብቻ ነው። ለአበራሽ አልላክሁም፤ ጨከነች አይበሉኝ።

የጡት ካንሰር ስሙ አንድ ነው እንጂ በሽታው አንድ አይደለም። ያ ተቀባይ ሁሉም ዘንድ የለም። ወደ እኛ ከሚመጣው ከሦስቱ ሁለቱ ያህል አላቸው፤ አንዷ የላትም። ተቀባይ የሌለው ካንሰር ኤስትሮጅንን አይጠብቅም፤ በራሱ ጊዜ ያድጋል። ለእርሱ ታሞክሲፈን መስጠት በር በሌለበት መቀርቀሪያ መግጠም ነው። መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ በደም ሥር የሚሰጥ፣ ኬሞ የሚሉት። አበራሽ ከየትኞቹ እንደሆነች በዳሰሳ አይታወቅም፤ በመልክም አይታወቅም። ቁራጩ መታየት አለበት።

«ከእኔ የገባባት ነው» የተባለው ግን ከቶ አይደለም። ካንሰር በመጥባት ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። በማርም፣ በወተትም፣ አብሮ በመብላትም አይሄድም።

የኔታ፣ አበራሽን በቃሬዛም ቢሆን ደብረ ታቦር ያድርሱልኝ። ሐኪሙ ቁራጩን ይውሰድ፤ ፎርማሊን የሚባለው ውኃ ውስጥ አድርጎ ይስጥዎት፤ ለእሱባለው ያስይዙት። እኔ ራሴ እሠራዋለሁ። ቡናማ ከወጣ ክኒኗን ይዤ ራሴ ነኝ የምመጣው፤ ፈቃድ ባይሰጡኝም እመጣለሁ። ቡናማ እንዲሆን ይጸልዩ። እኔም እየጸለይኩ ነው።

መዓዛ


ጋይንት፣ ቤተ ልሔም
ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመዓዛ፤ ሰላም ላንቺ።

አደረስናት። በጭቃው እስከ መኪናው መንገድ ስምንት ጎረምሳ ተፈራረቀባት። አበራሽ ቃሬዛው ላይ ሆና፣ «ለሠርጌ በበቅሎ ነበር፤ ዛሬ በሰው ትከሻ። ማዕረጌ ጨመረ!» ብላ አሣቀቻቸው። አንዱ ጎረምሳ ሣቁን ሳይጨርስ ዞር ብሎ አለቀሰ።

ቁራጩ በዚህ ዕቃ ውስጥ አለ። አመተ ማርያም ተሳልማ ለእሱባለው ሰጠችው፤ እርሱም «እንደ ታቦት በጭኔ ይዤ እሄዳለሁ» ብሏል። እርሷ ክኒኗን ትውጣለች፤ ፊቷ ቆሜ ነው የማስውጣት። ወገቧን ትንሽ ያማታል፤ ዝናቡ ይሆናል።

በቶሎ መልሽልን።

ወልደ ጊዮርጊስ


አዲስ አበባ
ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔታ፤ ቡናማ አይደለም።

ይህን ቃል ከሰላምታ በታች ልደብቀው ሞከርኩ፤ አልደበቅ አለኝ።

ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ተቀባይ እንዳለው የሚታወቅ የሌላ ሰው ቁራጭ አብሬ ቀለም አጠጣሁ፤ እርሱ ቡናማ ሆነ፤ ስለዚህ ቀለሙ አልተበላሸም። የአበራሽ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። አለቃዬ ዶክተሩ፣ «ስንት ጊዜ ትደጋግሚዋለሽ? ዘመድሽ ናት?» አሉኝ። «የአያቴ ወንድም ሚስት የጡት ልጅ ናት» አልኳቸው። «እና ዘመድ ናት አይደለችም?» አሉ። «ናት» አልኩ። መስተዋቱን አይተው መለሱልኝ። ሌላ ዓይነት ተቀባይ የሚፈልጉትን ሁለት ምርመራዎችም ሠራን፤ መድኃኒት የሚይዘው ነገር አልተገኘም።

እንግዲህ የተካፈሉት ክኒን ለአበራሽ አልሠራም። ከእናቷ ተቀነሰ እንጂ ለእርሷ አልተጨመረም። ይህን መጻፍ ያማል፤ ብደብቀው ግን ሌላ ግማሽ ዓመት ይሄድብናል። ውጤቱን ለሆስፒታሉ ልከናል፤ ኬሞው ነገ ሳይባል ይጀመርላት። ዘግይቷል። ግን ሳትጀምር አይለፉ።

ለእትዬ አመቴ ይህችን ያንብቡላቸው፤ «የእርስዎ ቡናማ ነው፣ የአበራሽ ሰማያዊ ነው። የእርስዎ በሽታ ወደ እርሷ ሄዶ ቢሆን የእርስዎን መልክ ይዞ ይሄድ ነበር። የየራሳችሁ በሽታ ነው።»

አንድ ነገር ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጠይቅ። ስለ ወገባቸው የጻፉልኝ ግማሽ መስመር ብቻ ነው። ቀሪውን ግማሽ እፈልጋለሁ። መቼ ጀመራቸው? ሲተኙ ይብሳል? አበራሽን ሲወስዱ እርሳቸውንም ራጅ ያስነሡልኝ። ዝናብ ነው አይበሉኝ።

መዓዛ


ጋይንት፣ ቤተ ልሔም
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመዓዛ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

አበራሽ ጥቅምት አንድ ቀን ዐረፈች። ኬሞውን ሁለት ጊዜ ወሰደች፤ ለሦስተኛው ሐኪሙ «ደሟ አይችልም» አለ። ፀጉሯ ሲረግፍ፣ «እንግዲህ መነኮስሁ፤ የኔታ ቆብ ይስጡኝ» ትለኝ ነበር። አጥንቷ ቀርቶ ነበር፤ ስንቀብራት አልከበደችም። አርባዋን ትናንት አወጣን።

አመተ ማርያም ራጅ ተነሣች። በሽታው አጥንቷ ላይ ወጥቷል። የወገቡ ሕመም በሰኔም ነበረባት፤ ሙሉውን ሳልጽፍልሽ የቀረሁት ስላላወቅሁ አይደለም፤ ብጽፈው እውነት የሚሆን ስለ መሰለኝ ነው። ሐኪሙ ሌላ ክኒን አዘዘ። እንዲህ ነው ያለኝ፤ «ተቀባዩ አሁንም አለ። ይህኛው ደግሞ ተቀባዩን አይይዝም፤ በእርሷ ዕድሜ ላለች ሴት ኤስትሮጅኑ እንዳይሠራ ከምንጩ ያደርቀዋል። በሽታውን አይነቅለውም፤ ግን ዓመታት ሊሰጣት ይችላል።» ይዘን ገባን።

አትውጥም።

ሃያ ቀን ሆናት። ለመንሁ፣ ገዘትሁ፤ የንስሐ አባቷንም አመጣሁ። «ልጄን በማር ገድዬ ለራሴ ዓመት ልጨምር?» ነው መልሷ። ያችን መስመርሽን አነበብሁላት። ምን አለችኝ? «አንተ ሰውዬ፣ ለለቀስተኛ ሁሉ ማጽናኛ ስትናገር የኖርህ ነህ። ይችንም ከራስህ ነው የጨመርሃት። ቃል መቼ አጥተህ ታውቃለህ?» ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ የማነበው ሁሉ የእኔ ይመስላታል። አርባ ዓመት በቃል የኖርሁ ሰው ሚስቴ የምታምነኝ አንድ ቃል አጣሁ።

ሐረገ ወይን ከእኛ ጋር ናት። ለእኔ አትጻፊ። ለአመተ ማርያም ጻፊ።

ወልደ ጊዮርጊስ


አዲስ አበባ
ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አመተ ማርያም፤

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎት እሱባለው ነው፤ የኔታ ከቤት እንዲወጡ ነግሬዋለሁ። እሱባለው ቅኔ አያውቅም፤ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ጥሎ መሪ የጨበጠ ሰው ነው፤ ከራሱ አንድ ቃል ልጨምር ቢልም አይችልበትም። (እሱባለው፣ ይህንንም አንብብላቸው።)

እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ እትዬ። አበራሽን ልጅ ሆኜ አይቻት ይሆናል፤ ፊቷ አይታወሰኝም። ነገር ግን በእጄ ነክቻታለሁ። ሦስት ቀን ከእርሷ ጋር ነበርኩ።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ፎቶዎች አሉ። ከማይክሮስኮፑ ላይ ያነሣኋቸው ናቸው፤ ለማየት ፊደል አይጠይቁም። ወደ ደጅ ብርሃን ይውጡና ይያዟቸው። ጥጉ ላይ በመርፌ የተበሳው የእርስዎ ነው። የተቆላ ገብስ የተበተነበት ይመስላል፤ ያ ሁሉ ቡናማ ነጥብ ተቀባይ ነው። ያልተበሳው የአበራሽ ነው። እዚያ ላይ አንድ ቡናማ ይፈልጉልኝ። ቀስ ብለው ይፈልጉ። እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ። ከእርስዎ ጡት የሄደ ቢሆን ቡናማው አብሮት ይሄድ ነበር። ያጠቧት ማር ማር ብቻ ነው፤ እትዬ። ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ክኒኑ ጠቀማት ብዬ አላጽናናዎትም፤ አልጠቀማትም። ሐኪም ዘንድ የምትሄድበትን ጊዜም በላባት። ግን ያንን ጊዜ እርስዎ ብቻዎን አልበሉትም። አበራሽ ደበቀች፤ የኔታ ተቀየሙ፤ እኔ ተጠራጥሬ ሠላሳ ላክሁ። ጥፋቱን ብቻዎን ለምን ይውጡታል? ድርሻዬን ይስጡኝ።

ሙሉውን ውጠው ቢሆን ኖሮ አጥንትዎ ላይ ባልወጣ ነበር? አላውቅም፤ የሚያውቅም የለም። የማውቀውን ልንገርዎት። የአበራሽን መስተዋት ይዤ እግዚአብሔርን ስለምን የነበረው አንዲት ቡናማ ነጥብ ነው፤ አንዲት፤ መድኃኒት የሚይዝበት ቦታ ባገኝላት ብዬ። አላገኘሁም። እርስዎ ዘንድ እልፍ አለ፤ ክኒኑም መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ደግሞ ሐረገ ወይን አለች። ጡቷን እንድትዳስስ፣ ያገኘችውን እንዳትደብቅ የሚነግራት ማነው? የኔታ ናቸው? ያፍራሉ። በማኅበራችሁም ነጠላዋን አጥብቃ የምታስር ሴት ካለች እኔ ከዚህ ሆኜ አላያትም፤ እርስዎ ግን ያውቋታል። ቁራጯን ይላኩልኝ፤ በዚያው ቀን እሠራዋለሁ። ለዚህ ሥራ እርስዎን እፈልግዎታለሁ። አንድ ዓመትም ቢሆን፣ ሁለትም ቢሆን።

የኔታ የቀለም ቀንድ አላቸው። ክኒኑን በዋጡ ቀን አውራ ጣትዎን ነክረው በፎቶዎ ጀርባ ያሳርፉና ለእሱባለው ይስጡት። ካልዋጡም ባዶውን ይላኩልኝ፤ ባዶውንም አነበዋለሁ። እርሱ ሐሙስ አዲስ አበባ ይገባል፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ብቻ ዝም አይበሉኝ፤ ይላኩልኝ።

ልጅዎ መዓዛ